ፀሐይ በስንት ብር?

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰሜራ በአይሱዙ ጋቢና ተቀምጬ ስጓዝ ጣሪያ የመቁጠር አባዜ ያዘኝ። ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። ሾፌሩ ላቡን በፎጣ እየጠረገ «እዚህ አገር በነፃ የሚገኝ ነገር ቢኖር ፀሐይ ብቻ ናት» አለኝ። እኔም፣ በነፃ ከሆነች ስንት ሰው እንደወሰዳት ልይ አልኩና በመስኮቱ ማየት ጀመርኩ። መንገዱ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ ሚሌንና ሎጊያን አልፎ ሰሜራ ይደርሳል። ሥራ ለፈታ ሰው ብዙ ጣሪያ ያስቆጥራል።

የቆጠራው ውጤት ግራ ያጋባል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ በቆመባቸው ከተሞች፣ አዲስ ቆርቆሮ በለበሱት ቤቶች ላይ ሶላር አየሁ ለማለት ያስቸግራል። ምሰሶው እየራቀ ሲሄድ ግን፣ ከእንጨትና ከሰሌን በተሠራችው የአርብቶ አደሩ ቤት፣ በደቦይታ አጠገብ፣ ድንጋይ ተደግፋ የተቀመጠች የደብተር ስፋት ያላት ፓኔል ብቅ ትላለች። ገንዘብ ያለው አልገዛትም፤ የሌለው ገዝቷታል። ፀሐይ ለሁሉም እኩል በምትወጣበት ሜዳ ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ፣ ያውም ከፀሐይ ወደ ውኃ መመለስ ግድ ይላል።

አዋሽ ከደጋ ተነሥቶ፣ ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪካችን አንድ ትልቅ ምዕራፍ የተጻፈው በዚህ ወንዝ ላይ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የኮካ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ 43 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 አዋሽ ሁለት፣ በ1971 አዋሽ ሦስት ተከተሉ፤ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት። በዘመኑ ይህ ቀላል ኃይል አልነበረም፤ የአዲስ አበባን አምፖሎችና በመንገዱ ላይ ያሉትን ፋብሪካዎች ያንቀሳቀሰው እርሱ ነው።

ኃይሉ በሽቦ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃው ወደ ታች ይወርዳል። ኮካ ጎርፉን ስለገራው በሸለቆው መስኖ መዘርጋት ተቻለ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በተንዳሆ የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ ከፈተ። ያ መሬት ዝናብ ሲጠፋ የአፋር ከብት የሚያርፍበት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ሣር የማያጣ የወንዝ ዳር ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ወንዙ ያመነጨው መብራት ወደ ደጋ ወጣ፣ ወንዙ ያበቀለው ጥጥ በመኪና ተጭኖ ሄደ፣ ለባለ ከብቱ የግጦሹ ትዝታ ቀረለት። እዚህ አገር ስለ ኃይል ማመንጫ ሲወራ ሽማግሌዎቹ ወዲያው ደስ የማይላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የአዋሽ ከተማ ራሷም የባቡር ልጅ ናት። አሮጌው ጣቢያና ቡፌው አሁንም የዘመኑን መዓዛ ይዘው ቆመዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ከራሱ በላይ በተዘረጋው ሽቦ እየተጎተተ፣ ማታ ማታ ኩራዝ ከሚያበሩ ቤቶች አጠገብ እያፏጨ ያልፋል።

ወደ ፀሐይዋ ልመለስ። ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሲሊከን እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚጠቀምበት፤ ዋጋውም ከሳተላይት ሠሪ በቀር የሚደፍረው አልነበረም። እኛ ዘንድ በትልቁ የታየው በደርግ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1985፣ አገር ከረሃቡ ገና ባላገገመበት ዓመት፣ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሚቶ በምትባል መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ጣቢያ ተተከለ፤ 300 ያህል ቤተሰቦችን ለማብራት የታሰበ ነበር። በ1989 ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገና የውኃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ትልቁ የሶላር ደንበኛ መኖሪያ ቤት ሳይሆን ቴሌ ሆነ። ተራራ ጫፍ ላይ ላለ የሬዲዮ ማማ ነዳጅ በአህያ ከማመላለስ ፓኔል መትከል ይረክሳልና።

ለምን ቤት አልገባም? አንድ ቀላል ሒሳብ ላሳያችሁ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ለዓመታት 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር 5 ብር ሆነ። በዚያ ሰሞን በዓለም ገበያ የአንድ ዋት ፓኔል ዋጋ 5 ዶላር ግድም ነበር፤ በእኛ 25 ብር መሆኑ ነው። የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ 500 ብር በነበረበት ጊዜ ያለ ባትሪው፣ ያለ ሽቦው፣ ያለ ቀረጡ አንዲት 40 ዋት ፓኔል የሁለት ወር ደመወዝ ትበላ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ ያው አንድ ዋት ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም አይበልጥም፤ ዋጋው 25 ጊዜ ወርዷል። ታዲያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ልጓም ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ፣ ቆይቶም 130ን ተሻገረ። 20 ሳንቲሙን በ130 ብር አባዙት፤ 26 ብር! የዓለም ፋብሪካዎች ፓኔሉን 25 ጊዜ አረከሱት፣ እኛ ደግሞ ብራችንን 26 ጊዜ አረከስነው። እርግጥ የዛሬው 26 ብር የያኔው 25 ብር አይደለም፤ ያኔ ብዙ ይገዛ የነበረው ገንዘብ ዛሬ ሻይ በዳቦ ያበላ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ፓኔሉ በእውነት ረክሷል። ግን የርካሽነቱ ብዙው ክፍል ድንበራችን ላይ ሲደርስ ምንዛሪ ይበላዋል።

መንግሥት በዚህ መሐል ምን አደረገ? ማበረታቻ የሚባለው ነገር እኛ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም፤ ብቻ ለማን እንደሚሰጥ ነው ጥያቄው። ለረጅም ዓመታት ድጎማው የተሰጠው ለነዳጅ ነበር፤ ለኩራዙ ነጭ ጋዝ ጭምር። ይህ ድጎማ የተነሣው በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሶላር የሚሸጥ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ በመንግሥት ካዝና ከሚደገፍ ኩራዝ ጋር ነበር የሚወዳደረው። ሁለተኛው ድጎማ ለሽቦው ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ለመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ከትንሽ ፍራንክ ያስከፍል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እንኳ ይህች የድኃ እርከን አልተነካችም። መንቀሳቀስ የጀመረችው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው።

ለፀሐይ የተሰጠውም የለም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ ፈንድ ለናፍጣ ጄኔሬተር የወጪውን 85 በመቶ ሲያበድር ለታዳሽ ኃይል እስከ 95 በመቶ ይሰጥ ነበር። ጥራታቸው ለታወቀ የሶላር ዕቃዎች ከቀረጥ ነፃ የመግባት መብት ተፈቀደ። በ2004 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ባጸደቀው ፕሮጀክት ውስጥ 20 ሚሊዮን ዶላር በልማት ባንክ በኩል ለአስመጪዎችና ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ተመደበ። ከሁሉም ይበልጥ የሠራው ይህኛው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ነጋዴው የተራበው ብር ሳይሆን ዶላር ነበር። የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ በኪሱ ይዞ ለምንዛሪ ባንክ በር ላይ ወራት የሚጠብቅ ሰው ምን ተበረታታ ይባላል?

ፊኒክስ፣ አሪዞና የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለኝ። ፊኒክስ ማለት የአሜሪካ አፋር ናት፤ ሙቀቷ 40ን ሲያልፍ ሰው አይደነግጥም። ከሰሜራ ደውዬ ስለ ጣሪያ ቆጠራዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ እኛ እኮ የገዛነው ፀሐይ ስላለች አይደለም፤ ሒሳቡ ስለሚያዋጣ ነው» አለኝ። እርሱ ከ2016 በፊት፣ በእነርሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ለ7 ኪሎ ዋት ሶላር ከ20 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቷል። 30 በመቶው ከፌደራል ግብሩ ተቀነሰለት። ቀን የተረፈውን ኃይል ወደ መስመሩ ሲመልስ ቆጣሪው ወደ ኋላ ይዞርለት ነበር። ይህ ድግስ ግን አልዘለቀም። አሪዞና በ2016 መጨረሻ ለአዲስ ገቢዎች የቆጣሪውን ልውውጥ አስቀረች፤ ካሊፎርኒያ በ2023 ለሚመለሰው ኃይል የሚከፈለውን ክፉኛ ቀነሰች፤ የግብር ቅናሹም በ2025 መጨረሻ እንዲያበቃ ተወሰነ። የሙግቱ ፍሬ ነገር ምን መሰላችሁ? ሀብታሙ ሶላር ተክሎ ከቢሉ ሲሸሽ የሽቦውን ወጪ ለጎረቤቱ ይተውለታል የሚል ነው።

ነገሩን ወደ ጀርመን ካዞርነው ደግሞ ያስገርማል። ፀሐይን በዳረጎት የምታገኝ ያቺ አገር እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ከጣሪያ የሚመጣ ኤሌክትሪክን በውድ ዋጋ ለ20 ዓመት ለመግዛት ቃል ገባች። ገበያው ሲሰፋ የቻይና ፋብሪካዎች በዙ፣ ዋጋው ወረደ። ሎጊያ ሱቅ ውስጥ የተደረደረውን ፓኔል ያረከሰው፣ የጀርመን እናቶች በየወሩ በመብራት ቢላቸው ላይ የከፈሉት ጭማሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማን ከፍሎ ማን እንደሚጠቀም አይታወቅም።

ሰሜራ የደረስኩት ለሽርሽር አልነበረም። ታናሽ እህቴ አስተማሪ ናት፤ የወለደችው እዚያ ነው፤ ልጁን ላይ ነው የሄድኩት። ሰሜራ ዋና ከተማነቱን ከአሳይታ የተረከበች፣ በሜዳ ላይ የበቀለች አዲስ ከተማ ናት። በሐጋዩ ወራት ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ሌሊቱም አያዝንም፣ ግድግዳው የዋለበትን ሲተፋ ያድራል። በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ እየተንቀራፈፈ ቆመ። የሁለት ወር ሕፃን ገላ ሲግል፣ እናቱ በእርጥብ ጨርቅ እየዳበሰችው፣ እኔ በካርቶን እያራገብኩ ነጋ። ግቢው ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ነበር፤ የሌላ ሕፃን ልቅሶም ከአጥር ወዲያ ይሰማ ነበር።

ጠዋት «ለምን አንድ ሶላር አትገዢም?» አልኳት። እህቴ ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ወረቀት አወጣች። ቬንትሌተሩ 50 ዋት ነው፣ ስምንት ሰዓት ቢሠራ 400 ዋት ሰዓት፤ በድሮው የመጀመሪያ እርከን 11 ሳንቲም! በዓመት ቢሰላ 40 ብር። ያንኑ ቬንትሌተር በፀሐይ ለማሳደር 100 ዋት ፓኔል፣ 100 አምፒር ባትሪ፣ መቆጣጠሪያና ሽቦ ያስፈልጋል። «ታሪፉ ዛሬ ጨምሯል፤ አራት እጥፍ ይሁንልህና አስላው» አለችኝ። «የ160 ብር ወጪ ለማዳን የወራት ደመወዜን ላውጣ?» በሒሳቡ ትክክል ናት። ፊኒክስ ያለው ዘመዳችን ውድ መብራት ነው ወደ ጣሪያው ያስወጣው፤ እርሷን ርካሽ መብራት ከጣሪያው አስቀርቷታል። ብቻ ርካሹ መብራት በዚያች ሌሊት አልነበረም፤ የሌለ ነገር ርካሽነት እንዴት ይሰላል ብላት ዝም አለች።

ይህ ነው የጣሪያ ቆጠራዬ ምስጢር። ሽቦ የደረሰው ሰው ድጎማው በሽቦው ይመጣለታልና ፀሐይ አትዋጣውም። ሽቦ ያልደረሰው ከነጭ ጋዝ፣ ከባትሪ ድንጋይ፣ ስልክ ለማስሞላት ከሚከፍለው ገንዘብና ከሚሄድበት መንገድ ጋር ነው የሚያወዳድራት፤ ስለዚህ ፓኔሏ ያለ ማንም ማበረታቻ ታዋጣዋለች። በአፋር ዘንድ መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ የማን ከብት የት እንዳለ ሳይነጋገር አይተላለፍም። ዛሬ ዳጉ በሞባይልም ይሄዳል። ስልኩ ከሞተ ሣሩ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ፓኔሏን የገዛት የከብቱ ጉዳይ ነው፣ የመብራቱማ ምርቃት ነው።

በማግስቱ ሎጊያ ወረድኩ። የሱቁ ባለቤት አምፖሉንም፣ ሻይ ማፍያውንም፣ ሶላሩንም ይሸጣል። «ፓኔል እዚህ አይሞትም፣ ባትሪ ነው የሚሞተው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ በአፋር ቀትር ገላው 65 ዲግሪ ቢደርስ 16 በመቶ ጠፋ ማለት ነው። ይህስ ይቻላል። የአሲድ ባትሪ ግን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ደጋ ላይ አራት ዓመት የሚያገለግለው እዚህ ሁለቱን ከደፈነ እልል ይባልለታል። «ፓኔሉ በቀረጥ ነፃ መጣ ይሉኛል» አለ ሰውየው፣ «ባትሪው ብቻውን ሲመጣ ግን ለመኪናም ይሆናል ተብሎ ሌላ ዕቃ ነው።» ማበረታቻው የሚሠራው ለማይሞተው አካል ሲሆን፣ በየሁለት ዓመቱ የሚቀበረውን ባለቤቱ ራሱ ይቀብራል። እዚያው መደርደሪያ ላይ አንድ ባትሪ ቢያስቀምጡት ሲነካ እንደ ምጣድ ይፈጃል።

ይህን ነገር ቀድመው የተረዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በምትባል ቀበሌ፣ አንድ የጀርመን የሶላር ፋውንዴሽን ከሺህ በላይ ቤቶች ላይ ፓኔል ተከለ። እያንዳንዱ ቤት 10 ዋት ፓኔልና ጥቂት አምፖሎች አገኘ። ዕቃው በእርዳታ ቢሆንም ባለቤቶቹ በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ለጥገና እንዲከፍሉ ተደረገ፤ ቴክኒሺያን የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ። የተከለ ሰው ሄዶ የሚቀር ከሆነ ሶላር የሁለት ዓመት ደስታ ናት። የሬማው አሠራር ከቀረጥ ምሕረት ይልቅ ልብ የሚባል ይመስለኛል።

በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም ያኔ መብራት ያገኘው ሕዝብ 44 በመቶ መሆኑን፣ ከዚያ ውስጥ 11 በመቶው ከመስመር ውጭ መሆኑን ጽፎ፣ በ2025 በፈረንጆቹ ሁሉንም ለማዳረስ፣ 35 በመቶውን ያለ መስመር ለማብራት አልሞ ነበር። ዓመቱ አልፏል፣ ደቦይታዎቹም እዚያው ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት ሙሉ አገር የኮራበት ነው፤ እኔም ኮርቻለሁ። ግን ግድብ ኃይል ያመርታል እንጂ ለአንዲት የምትንቀሳቀስ ቤት ምሰሶ አይተክልም። ከብቱን ተከትሎ የሚነሣ ሰው ቆጣሪውን የት ይሰቅለዋል?

የትልልቆቹ የፀሐይ ጣቢያዎች ታሪክም ከቤቱ ታሪክ አይለይም። ከአዋሽ ከተማ ብዙም በማይርቀው መተሐራ እ.ኤ.አ. በ2017 ለጣሊያኑ ኤኔል ግሪን ፓወርና ለአገር ውስጥ ሸሪኩ የ100 ሜጋ ዋት ጣቢያ ጨረታ ተሰጠ። በ2019 ደግሞ የሳውዲው አክዋ ፓወር በአፋር ዲቼቶ፣ በሶማሌ ክልል ጋድ፣ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ጣቢያዎች ለመሥራት አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ ለኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከዓለም ርካሾች አንዱ ነው። ሁለቱም ወገኖች የታሰበውን አልሠሩም። ለውጭ ኩባንያ የሚከፈለው ብር ወደ ዶላር ይለወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን የሁሉም ድርድር እሾህ ነበር። የሎጊያው ባለ ሱቅ ባንክ በር ላይ የቆመው ለምን እንደነበር አስታውሱ፤ ያው ወረፋ ነው፣ ከፍ ያለ ጫማ ያደረጉ ሰዎች የቆሙበት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቶዮ የተባለ ኩባንያ የሶላር ሴል ማምረት ጀምሯል፤ ገበያው በዋናነት አሜሪካ ነው። ዘመዴ ፊኒክስ ላይ የሐዋሳ ሴል ሳይተክል አይቀርም ብዬ ስቄያለሁ።

ከመመለሴ በፊት ዲቼቶን ላያት ብዬ በጅቡቲ መንገድ ሄድኩ። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ አቧራ፣ የከባድ መኪና ሰልፍ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ሐጂ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ሰላምታውና ዳጉው ሲያልቅ «ሐጂ፣ ይህቺን ፓኔል በስንት ገዙ?» አልኳቸው፤ ልጁ አስተረጎመ።

«በአንዲት ፍየል» አሉ። ትንሽ አሰቡና «የወተት ፍየል ነበረች» ብለው ጨመሩበት።

እዚህ ትልቅ የፀሐይ ጣቢያ ሊሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። ሰምተዋል። «ሽቦው ወዴት ነበር የሚሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። እጄን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው አቅጣጫ ዘረጋሁ። እርሳቸውም ለማየት እንኳ ዞር አላሉም።

ፀሐይዋ ስትወርድ ፍየሎቹ መጡ። ሐጂ ተነሥተው ፓኔሏን አነሡ፤ ፍየል ትረግጣታለች። ሽቦዋን ነቅለው፣ አቧራዋን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው፣ «ያዝልኝ እስቲ፣ እነዚህን እስካስገባ» ብለው ሰጡኝ። ገና ትፋጅ ነበር።